ስለ ሱቅ ኮምፒዩተር እድሳትና ስለ አንድ የጋራ ማከማቻ

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣችን ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ መንገድና ስለ ግብር ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ ለአባላት ላሳስብ የወደድሁት ጉዳይ ግን በኩንታል የሚመዘን አይደለም። እርሱም በሱቆቻችንና በመጋዘኖቻችን ጥግ ተቀምጦ ሒሳባችንን የሚይዘው ኮምፒዩተር፣ ይልቁንም ኮምፒዩተሩን ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኙት ሶፍትዌሮች፣ በየጊዜው መታደስ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው ጥያቄ ነው። በበኩሌ ይገባቸዋል እላለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጋዴ ለብቻው ላድስ ሲል የሚደርስበትን ወጪና ውጣ ውረድ ስለማውቅ፣ ሥራው በምክር ቤታችን በኩል በኅብረት እንዲደረግ አሳብ አቀርባለሁ።

እኔ በጾሬ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። የተማርሁት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው እንጂ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም አሠሪዬ ሐጂ ከአሶሳ እስከ ሆሞሻ የሚያዘዋውሩትን ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር፣ ስኳርና ሳሙና መዝግቤ የምይዘው፣ ከአዲስ አበባ ጅምላ አከፋፋዮችም ጋር ደብዳቤና ደረሰኝ የምለዋወጠው በዚሁ መሣሪያ ነው። መሣሪያን ከገዛው ሰው ይልቅ ሲሠራበት የሚውለው ጠባዩን ያውቀዋልና፣ በዚህ ነገር ብናገር እንደ ድፍረት እንደማይቈጠርብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሱቃችን ኮምፒዩተር የሚመራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ስሙ ለብዙ ሰው እንግዳ ቢሆንም ሥርዓቱ በየኪሳችን አለ፤ በገበያው የሚዞረው አንድሮይድ ስልክ ሁሉ በውስጡ የያዘው የሊኑክስን አስኳል ነው። አሜሪካኖቹ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ጀመሩ፤ ይህንኑ አርአያ አድርጎ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑክስን ጻፈ። ከሁለት ዓመት በኋላም ኢያን መርዶክ ዴቢያን የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። ዴቢያን ሶፍትዌሮችን እያጠና፣ በጥቅል በጥቅል እያዘጋጀ ለፈለገ ሁሉ ያለ ዋጋ ያድላል። እኛም ጋ ያለው ይኸው ነው። ሐጂ የመረጡት ታሪኩን ወደውት አይደለም፤ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት በመሆኑ ነው።

ከነዚህ ብዙ ጥቅሎች መካከል የመረብ ሥራ የተሰጣቸው ጥቂቶች ናቸው። አንዱ የድረ ገጽን ስም ወደ ቍጥር አድራሻ ይለውጣል። ሌላው የምንልከውን ጽሑፍ በመንገድ ላይ ማንም እንዳያነበው ይሰውራል። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች የተባለው ደግሞ በአሶሳ ወይም በአዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሙያ ጾሬ ድረስ ሳይደክም ወደ ኮምፒዩተራችን ገብቶ ብልሽት እንዲያቃና በር የሚከፍትለት ነው። የደብዳቤ መጻፊያው ሶፍትዌር ቢያረጅ ያን ያህል አያሰጋም፤ አርጅቶም ይጽፋል። የመረቡ ጥቅል ግን ደጃፍ ነውና ከውጭ የሚያንኳኳው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በቍልፉ ላይ ጕድለት መኖሩ በተገለጠ ዕለት ወሬው ለጠጋኙም ለሌባውም እኩል ይደርሳል። ስለዚህ ጥገናው ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ፣ ያልታደሰው ኮምፒዩተር ምንም ሳይነካ ተቀምጦ ሳለ ከትናንቱ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ይሆናል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህን ነው። ዕቃው አልተለወጠምና አደጋውም ያልተለወጠ ይመስለዋል።

አስረጅ ላቅርብ። ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ኳሊስ የተባለው ድርጅት በዚሁ በኦፕን ኤስ ኤስ ኤች ላይ፣ ያለ ይለፍ ቃል ወደ ውስጥ ሊያስገባ የሚችል ጕድለት ማግኘቱን አስታወቀ። ጕድለቱ በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ ተጠግኖ የነበረ ሲሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ጽሑፉ ሲሻሻል ማንም ሳያውቅ ተመልሶ የገባ ነበር። ዴቢያን ጥገናውን በዚያው ዕለት አወጣ። እድሳትን ልማድ ላደረገ ሰው ነገሩ አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ የሚያልቅ ሥራ ነበር።

ለማይታደሰው የሚሆነውን ደግሞ ከራውተሮች ታሪክ ማየት ይቻላል። ማይክሮቲክ የተባለው የላትቪያ ኩባንያ የሚሠራቸው ራውተሮች የሚመሩት በሊኑክስ አስኳል ላይ በተሠራ ሥርዓት ነው። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. አንድ ጕድለት ተገኘባቸውና ኩባንያው ወዲያው ጥገናውን አወጣ። ሦስት ወር አለፈ። በሐምሌ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ በብራዚል፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ የሚበልጡ ያልታደሱ ራውተሮች በሌቦች እጅ ገብተው ለሌቦቹ ዲጂታል ገንዘብ ለማምረቻ ሲያገለግሉ ተገኙ። መድኃኒቱ ከሚያዝያ ጀምሮ በነጻ ይታደል ነበር፤ የወሰደው ግን አልነበረም።

ይህን ስናገር የሚቃወሙኝ ወዳጆች አሉ። «የሚሠራን ዕቃ ምን አስነካህ?» ይሉኛል። ለቃላቸውም ማስረጃ አላቸው፤ ማስረጃቸውም ሁላችንን የነካ ነው። ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብዙ ደንበኞች፣ ይልቁንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ለማውጣትና ለማዛወር ቻሉ። ባንኩም ምክንያቱ በሲስተም ማሻሻያ ጊዜ የተፈጠረ ችግር እንጂ የመረብ ጥቃት አለመሆኑን ገለጠ። ያለ አግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደ ነበረ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ለጋዜጠኞች ተናገሩ፤ ከዚያም አብዛኛው ተመለሰ። በዚያ ቅዳሜ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ስለ ነበረ፣ በእኛም ዘንድ የዕቃ ዋጋ ሊልክ የተነሣ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ዋለ። ከዚያ ወዲህ «ማሻሻያ» የሚለው ቃል በገበያችን መጥፎ ስም አወጣ።

የባንክ ማእከላዊ ሥርዓት ከሱቅ ኮምፒዩተር ጋር የሚመሳሰል ነገር አይደለም፤ የባንኩን የውስጥ አሠራር ልተችም አልተነሣሁም። ነገር ግን ከዚያ ሌሊት «እድሳት ይቅር» የሚለውን ትምህርት የወሰደ ሰው የተሳሳተ ይመስለኛል። የጭነት መኪና ጎማ ሲቀየር ጃኩ ተንሸራቶ ጕዳት ቢደርስ፣ ከእንግዲህ በአሮጌ ጎማ ወደ ኩርሙክ እንነዳለን የሚል ባለ መኪና አላየሁም። ጃኩን በጠጣር መሬት ላይ ማቆምን ይማራል እንጂ። ከእድሳት በፊት የሒሳቡን መዝገብ በሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ አስቀድሞ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር፣ ነገሩ ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለስበትን መንገድ ማዘጋጀት፣ ይህ ሁሉ ለባንክም ለሱቅም የሚሠራ ጥንቃቄ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ እርሱም «ሌባው በእድሳቱ ውስጥ ተደብቆ ቢመጣስ?» የሚል ነው። በእውነትም ሆኗል። የባንኩ ነገር በሆነ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ አንድ ነገር ለዓለም አስታወቀ። ወደ ኮምፒዩተሩ በኤስ ኤስ ኤች ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አይቶ ነገሩን ሲከታተል፣ ኤክስ ዜድ በሚባል የፋይል ማመቂያ ጥቅል ውስጥ የተሰወረ የሌባ በር አገኘ። በሩን ያስገባው ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ ሰው ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ያህል ደኅና ሥራ እየሠራ የጥቅሉን ጠባቂ እምነት ካገኘ በኋላ ነው ያን ያደረገው። የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ያላለፈውን ሰው ለሒሳብ ሹምነት ቢሰጡኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ነገር ግን ያ የተመረዘ ጥቅል የደረሰው የት ነበር? ዴቢያን ገና በሙከራ ላይ ባለው ቅርንጫፉ ውስጥ እንጂ፣ የተረጋጋ በሚለውና ለሥራ በሚያድለው ቅርንጫፍ ውስጥ አልገባም። በተረጋጋው ቅርንጫፍ የሚወጣው እድሳት አዲስ ጌጥ አይጨምርም፤ የነበረውን ጕድለት ብቻ ይጠግናል። ለነጋዴ የሚስማማው ይህ ነው። አዲስ የወጣን ሁሉ ለመያዝ የሚሮጥና ለአምስት ዓመት ምንም የማይነካ፣ ሁለቱም ከዚህ መንገድ ወጥተዋል።

ተቃዋሚዎቼን እዚህ ላይ ልተዋቸውና ወደ እውነተኛው ምክንያት ልግባ። በጾሬና በአካባቢው ኮምፒዩተሮች የማይታደሱት ባለቤቶቻቸው በክርክር አሸንፈው አይደለም። ምክንያቱ መሥመር፣ መብራትና ሰው ነው።

የመሥመሩ ነገር እንዲህ ነው። ዐሥር ሱቆች ዐሥር ኮምፒዩተር ቢኖራቸውና ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቅል ቢፈልጉ፣ ያው ጥቅል ከባሕር ማዶ ዐሥር ጊዜ ይወርዳል፤ ዐሥር ጊዜም ይከፈልበታል። ብዙዎቻችን መሥመር የምናገኘው ከስልክ በገዛነው የዳታ ጥቅል ስለ ሆነ፣ አንድ ትልቅ እድሳት የሳምንቱን ዳታ ጠጥቶ ያድራል። ሐጂ አንድ ጊዜ ሒሳቡን አሳይቻቸው «ይህ ጥቅል ምን ይበላል? በሬ ነው እንዴ?» ብለውኛል።

መብራቱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በአንድ የክረምት ማታ እድሳቱ እኵሌታ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን የመረቡ ጥቅል እኵሌታው አዲስ እኵሌታው አሮጌ ሆኖ ስለ ቀረ ከውጭ ጋር አልገናኝም አለ። ጕዳቱ የሚቃና ነው፤ ያልተጠናቀቁትን ጥቅሎች እንዲጨርስ የሚያዝዝ አንድ መስመር ትእዛዝ አለው። ትእዛዙን የሚያውቅ ሰው ከአሶሳ እስኪመጣ ግን ሦስት ቀን ደረሰኝ በእጄ ስጽፍ ሰነበትሁ።

ሰውን በሚመለከት የሚሰማኝን ቅሬታ ልደብቀው አልችልም። ኮምፒዩተሩን ያቆመልን ባለሙያ፣ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፣ በውሉ የተጻፈለት «መትከል» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ተከለ፣ ዋጋውን ተቀበለ፣ ዋናውን የይለፍ ቃል ይዞ ሄደ። በኋላ ቢፈለግ ስልኩ አይሠራም። እኛ በገዛ ሱቃችን ባለው ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጥቅል እንኳ ለማደስ ሥልጣን አልነበረንም፤ የይለፍ ቃሉን በሌላ ባለሙያ ለማስለወጥም እንደ ገና ከፈልን። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ ከጎረቤቶቼ ሰምቻለሁ። ለጭነት ሚዛን ከሻጩ ጋር ስንዋዋል ማን እንደሚያስተካክለው እንጠይቃለን፤ የንግድ ቢሮም መጥቶ ትክክለኛነቱን ያረጋግጣል። ከሚዛኑ የበለጠ ገንዘብ በሚያልፍበት መሣሪያ ላይ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም።

እንግዲህ አሳቤ የሚከተለው ነው። በአሶሳ በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ኮምፒዩተር ለዚህ ጉዳይ ብቻ ይቀመጥ፤ ሥራውም የእድሳት ጥቅሎችን ማከማቸት ይሁን። የመጀመሪያው ሱቅ አንድ ጥቅል ሲጠይቅ ከውጭ ያወርድለታል፤ ቅጂውንም ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ያንኑ የሚጠይቁ ሁሉ የሚቀበሉት ከአሶሳ ነው። የዴቢያንን ግምጃ ቤት በሙሉ መቅዳት አያስፈልግም፤ የተጠየቀው ብቻ ይቀመጣል። ይህን የሚሠራው ሶፍትዌርም በዚያው በዴቢያን ውስጥ በነጻ ይገኛል። መሥመሩ ለሩቆቹ እጅግ ውድ በሚሆንበት ጊዜ፣ የሳምንቱ ጥገና በትንሽ ዲስክ ተገልብጦ በሕዝብ ማመላለሻ መኪና ወደ ሆሞሻ፣ ወደ ባምባሲና ወደ ኩርሙክ ሊላክ ይችላል። ሰነድ በሾፌር እጅ መላክ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

«በሾፌር እጅ የመጣን ጥቅል እንዴት እናምናለን?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከዚህ ሥርዓት ጥበብ ዋነኛው ነው። ዴቢያን የጥቅሎቹን ዝርዝር የሚያወጣው በምስጢራዊ ማኅተም አትሞ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ጥቅል አሻራ አለ። ከጥቅሉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው አይገጥምምና የእኛ ኮምፒዩተር ራሱ ይመልሰዋል። ስለዚህ የአጓዡ ታማኝነት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የማኅተሙ ትክክለኛነት ነው። ማኅተሙ ግን የፈራሚውን ማንነት እንጂ የዕቃውን ጥራት አይመሰክርም። የኤክስ ዜድ ነገር ይህን አሳይቷል፤ ሙከራ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ቅጂው እንዳይከርምም በየሳምንቱ መታየት አለበት።

አንዳንድ ነጋዴ ደግሞ ተፎካካሪው ሒሳቡን እንዳያይበት ይሠጋል። ማከማቻው የማንንም ሒሳብ አይቀበልም። ከሱቅ ወደ እርሱ የሚሄደው «ይህን ጥቅል ስጠኝ» የሚል ጥያቄ ብቻ ነው።

ባለሙያውስ? ምክር ቤቱ ቋሚ ደመወዝተኛ ይቅጠር አልልም። በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኮምፒዩተር የተማሩ ወጣቶችም በከተማው ውስጥ አሉ። አባላት በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ከአንዱ ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ። በውሉም ውስጥ እድሳቱ በየስንት ጊዜ እንደሚደረግ፣ ሒሳቡ አስቀድሞ እንዲገለበጥ፣ ከሱቆቹ በፊት የምክር ቤቱ ኮምፒዩተር እንዲታደስና አንድ ቀን እንዲታይ፣ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በባለቤቱ ካዝና እንዲቀመጥ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ ሌላው ሁሉ ባይጻፍ እመርጣለሁ። ዕለቱ የገበያ ቀን እንዳይሆን፣ ሰዓቱም ጄኔሬተር በሚሠራበት ጊዜ እንዲሆን መጠንቀቅ ነው።

ውሉ እስኪደረግ ድረስ አባላት አንድ ነገር በቶሎ ቢመረምሩ መልካም ነው። የዴቢያን እትም እያንዳንዱ የሚጠገንበት ዘመን አለው፤ እርሱም ባጠቃላይ አምስት ዓመት ያህል ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው 10ኛው እትም ጥገናው ከሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከማኅበሩ አይወጣለትም። በዚያ እትም ላይ ያለ ኮምፒዩተር ባለቤቱ ማደስ ቢፈልግ እንኳ የሚያድስበት ነገር የለም፤ ወደ ቀጣዮቹ እትሞች መሸጋገር አለበት። ይህም ከሳምንታዊው ጥገና የከበደ ሥራ ስለ ሆነ ባለሙያ ይጠይቃል። በእኛ ሰፈር ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ ከተተከለ እስኪሞት ስለማይነካ፣ ይህ እትም በብዙ ሱቅ እንዳለ እጠረጥራለሁ። ባለሙያ ሲመጣ «ስንተኛው እትም ነው?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ንግዳችን ሁሉ ወደ መረቡ እየገባ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኤምፔሳም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአገራችን ገንዘብ ያዘዋውራሉ። የነዚህን ትላልቅ ድርጅቶች በር የሚጠብቁ ሠራተኞች አሉ፤ የእኛን የሚጠብቅ ከእኛ በቀር የለም። በሱቃችን ኮምፒዩተር ውስጥ ማን ስንት ኩንታል በዱቤ እንደ ወሰደ፣ ማን ለማን ዋስ እንደ ቆመ ተጽፏል። ከተበዳሪዎቹ አብዛኞቹ ሌላ ሰነድ የላቸውም፤ የቃላቸውና የእኔ መዝገብ ብቻ ነው ያለው። መዝገቡ ተሰርዞ ቢገኝ ወይም በሌባ ተቈልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ቢጠየቅበት፣ የአንድ ዓመት ሰሊጥ ሒሳብ በክርክር ሊያልቅ ነው።

ሐጂ ይህን አሳብ ካነበብሁላቸው በኋላ ከመጋዘኑ አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ለማከማቻው ለመስጠት ፈቅደዋል። የሚጎድለው ትልቅ ዲስክና የመብራት መጠባበቂያ ባትሪ ነው። የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ነገሩን በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲያስገባልኝ በአክብሮት እለምናለሁ፤ የአሶሳና የባምባሲ ነጋዴዎችም በሱቆቻቸው ስንት ኮምፒዩተር እንዳለና በየትኛው ሥርዓት እንደሚሠራ በቍጥር ይዘው ቢመጡ፣ የዲስኩን መጠንና የመዋጮውን ልክ በዚያው ስብሰባ መወሰን ይቻላል።